ሳናጣራ አናጋራ፣ ሳናጣራ አናስተባብል

ስለ ማርስ ወሬ በመጣ ቁጥር ለሁለት እንከፈላለን። ግማሻችን «ወንዝ ተገኘ!» ብለን ሼር እናደርጋለን፤ ግማሻችን «የፈረንጅ ተረት ነው» ብለን እናጣጥላለን። ሁለታችንም አላጣራንም።

ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ እያንከባለለ ያጋጨው ጠጠር ሹልነቱን አጥቶ ይድበለበላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ፣ ጌል በተባለው የማርስ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ ተጣብቆ አለት የሆነ ድቡልቡል ጠጠር። ያን የሚያህል ጠጠር ንፋስ ተሸክሞ አይሄድም። ጄዜሮ በተባለው ስፍራም ጥንታዊ ወንዝ ሐይቅ ሲገባ የከመረው ደለል ይታያል። ስለዚህ «ተረት ነው» ማለት አያዋጣም።

ይህ ግን ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ነው። ዛሬ የማርስ የአየር ግፊት የምድርን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ወንዝ ሊፈስበት አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በማርስ ተዳፋቶች ላይ የታዩ ጠቆር ያሉ መስመሮች የጨዋማ ውሃ ምልክት ናቸው ተባለ። በ2017 ደግሞ የደረቅ አሸዋ ናዳ ናቸው የሚል ጥናት ወጣ። አጥኚዎቹ ዳግም ለመመርመር አላፈሩም። እኛስ አንዴ እንኳ ሳንመረምር ለምን እንቸኩላለን?