ጭቃው ስንት ዓመቱ ነው? ከወዳጅ ጋር የተደረገ ጨዋታ

ራዲዮአክቲቭነት የአንዳንድ አቶሞች ጠባይ ነው። በአቶሙ አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ካልተመጣጠኑ አስኳሉ አይረጋጋም፤ አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ጨረር ይለቅና ወደ ሌላ ዓይነት አስኳል ይለወጣል። እሳት አያፋጥነውም፣ ውርጭም አያዘገየውም።

«ታዲያ ይህ ለአምባሰል ሰው ምኑ ነው?» ይላል የውጫሌው ወዳጅ።

የመጀመሪያው ግንኙነት የቀን መገጣጠም ነው። የውጫሌ ውል ያመጣው ጦርነት አድዋ ላይ በለየለት ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ አንሪ ቤክሬል ፓሪስ ውስጥ አንድ የፎቶግራፍ ሳህን አጠበ። ሳህኑ በጥቁር ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ የዩራኒየም ጨው ተቀምጦበት፣ መሳቢያ ውስጥ የቆየ ነበር። ፀሐይ ስላላገኘው ደብዛዛ ምስል ቢጠበቅም የወጣው ምስል ደማቅ ሆነ። ጨረሩ ከራሱ ከዩራኒየሙ የሚወጣ መሆኑ የታወቀው እንዲህ ነው። ሁለተኛው ግንኙነት ግን ከአጋጣሚ በላይ ነው፤ የሚገኘውም ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ሐይቅ በሚባለው ሐይቅ ውኃ ሥር በተከማቸው ጭቃ ውስጥ ነው። ወደዚያ ለመድረስ አስቀድሞ ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፤ ጨረሩ፣ ጊዜውና ቆጠራው።

ከሚፈርስ አስኳል የሚወጣው ጨረር በዋነኛነት ሦስት ዓይነት ነው። አልፋ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን አንድ ላይ ሆነው የሚወረወሩበት ነው፤ ከባድ ስለሆነ ወረቀት ያቆመዋል። ቤታ ፈጣን ኤሌክትሮን ነው፤ እሱን ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አልሙኒየም ይገታዋል። ጋማ እንደ ብርሃን ያለ ሞገድ ሲሆን ጉልበቱ እጅግ የበረታ ነው፤ እሱን ለማዳከም ወፍራም እርሳስ ወይም ኮንክሪት ያስፈልጋል።

«አንዱ አቶም መቼ እንደሚፈርስ ይታወቃል?»

አይታወቅም። አንዱ በዚህች ቅጽበት ሊፈርስ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ሺህ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ብዙ ሲሆኑ ግን ሥርዓት አላቸው። በሐይቅ ከተማ ገበያ 1,000 ሰው ሳንቲም ወርውሮ ጎፈር የወጣበት ሁሉ ይቀመጥ ቢባል፣ ማን እንደሚቀመጥ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ 500 ያህሉ እንደሚቀመጥ ግን መናገር ይቻላል። የቆሙት ደግመው ቢወረውሩ 250 ያህል፣ ሲሠልሱ 125 ያህል ይቀራሉ። ከአቶሞቹ እኩሌታው እስኪፈርስ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። የአዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜ 8 ቀን፣ የኮባልት 60 ወደ 5.3 ዓመት፣ የካርቦን 14 ደግሞ 5,730 ዓመት ነው። የፖታሲየም 40 እስከ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይደርሳል።

«የማይታይና የማይሸት ነገር እንዴት ይቆጠራል?»

ጨረሩ በሚያልፍበት ሁሉ ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ መሣሪያዎቹ የሚይዙት ይህንን ምልክት ነው። ሃንስ ጋይገር ከኧርነስት ራዘርፎርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1908 የሠራውና በ1928 ከቫልተር ሙለር ጋር ያሻሻለው ቆጣሪ ጋዝ የተሞላ ቱቦ ነው። በመካከሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሰጠው ሽቦ አለ። አንድ ጨረር ሲገባ የተነጠቁት ኤሌክትሮኖች ወደ ሽቦው ሲሮጡ ሌሎችን እየነጠቁ ይበዛሉ፤ መሣሪያውም አንድ ጊዜ «ጠቅ» ይላል። ሌሎች መሣሪያዎች ጨረር ሲነካቸው ብልጭ በሚሉ ክሪስታሎችና ፈሳሾች ይሠራሉ፤ የሚቆጠረው ብልጭታው ነው።

«እንዲህ ከሆነ አካባቢያችን ሁሉ አደገኛ ነው ማለት ነው?»

አይደለም። በአንድ አዋቂ ሰው ገላ ውስጥ እንኳ በየሴኮንዱ ከ4,000 በላይ የፖታሲየም 40 አቶሞች ይፈርሳሉ፤ ይህ ከፍጥረት ጀምሮ ያለ ነው። ጉዳት የሚወሰነው በመጠኑ ነው። ስለዚህ ከጨረር ጋር የሚሠሩ ሰዎች ሦስት ነገር ይጠብቃሉ፤ አጭር ጊዜ፣ ረጅም ርቀትና በቂ መከለያ። በልክ ከዋለ ጨረር ሕይወት ያተርፋል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የካንሰር ሕሙማን የታከሙት በኮባልት 60 ጋማ ጨረር ነው።

«እሺ፣ ወደ ሐይቁ ጭቃ እንመለስ።»

ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በላይኛው አየር ናይትሮጅንን እየመታ ካርቦን 14ን ይፈጥራል። ዕፅዋት ከአየር ጋር ይወስዱታል፤ እንስሳም በምግብ ያገኘዋል። ሕይወት ሲያበቃ አዲስ መግባቱ ይቆማል፣ የነበረው ብቻ እየፈረሰ ይቀንሳል። ዊላርድ ሊቢ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን የዕድሜ መለኪያ አድርጎ አቀረበና በ1960 ኖቤል ተሸለመ። ከሕያው ነገር በተወሰደ አንድ ግራም ካርቦን ውስጥ በደቂቃ ወደ 14 አቶሞች ይፈርሳሉ፤ ከ5,730 ዓመት በኋላ 7 ያህል ብቻ። ዛሬ መፍረሱን ሳይጠብቁ ቀሪዎቹን አቶሞች ራሳቸውን የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ስላሉ አንድ ሚሊግራም ካርቦን ይበቃል።

ሐይቅም ሆነ ጎረቤቱ አርዲቦ በየዓመቱ ከዙሪያቸው የሚታጠበውን አፈር፣ የአበባ ብናኝና ከሰል በንብርብር ያስቀምጣሉ። ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሐመድ ዑመር ከሁለቱ ሐይቆች ሥር በቱቦ ያወጡትን ጭቃ አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳተሙ። የንብርብሮቹን ዕድሜ የነገራቸው ካርቦን 14 ነው። 3,000 ዓመት ባስቆጠረ ንብርብር ውስጥ ከመጀመሪያው ካርቦን 14 ከመቶ 70 ያህሉ አለ። በኋላ ከሐይቅ የወጣ ሌላ ጭቃ 15,600 ዓመት ወደ ኋላ ወስዷል፤ እዚያ ጥልቀት ላይ የሚቀረው ከመቶ 15 ገደማ ነው።

«ጭቃውስ ምን አለ?»

በአካባቢው የነበረው የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሯል። በቦታው ክትክታና ሣር ለ1,800 ዓመት ያህል ቆየ። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ተመልሰው በዙ፤ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ደግሞ ምንጠራውና የአፈር መሸርሸሩ በረታ።

«ሁሉም ነገር በካርቦን ይለካል?»

አይለካም። ከ50,000 ዓመት በኋላ ካርቦን 14 ለመለካት እስኪያዳግት ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ1974 ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር በነበረው ሐዳር የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳላት የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ፖታሲየም 40 ሲፈርስ በሚተወው አርጎን ነው። የቅርቡን 150 ዓመት ለመለየት ደግሞ ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት የሆነው እርሳስ 210 ይሻላል። ለእያንዳንዱ ዘመን የሚስማማው ግማሽ ዕድሜ አለ።

ይህ ዕውቀት ለወሎ ትልቅ ጥቅም አለው። የተራራው መራቆት ከጥንት የተጻፈ ዕጣ እንዳልሆነ፣ ደኑም ከረጅም ምንጠራ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ እንደነበር በዓመት ተቆጥሮ ታይቷል። ዛሬ በአምባሰል ተዳፋት ላይ ችግኝ የሚተክል ሰው በዚሁ መሬት ላይ ቀድሞ የሆነውን ነገር እየደገመ ነው።