ቀድመው የሚነቁት ሚስቶች

የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ድርቅና ጎርፍ ነው። የባልና ሚስትን ቀጠሮም ያዛባል ብንላችሁስ?

በአላስካ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ በዓመት ከ7 እስከ 8 ወር የሚተኛ ሽኮኮ መሰል እንስሳ አለ። ተመራማሪዎች ሆዱ ውስጥ ትንሽ የሙቀት መመዝገቢያ አስገብተው ሲከታተሉት፣ የሰውነቱ ሙቀት ከዜሮ በታች እስከ 2.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወርዳል፤ ደሙ ግን በረዶ አይሆንም።

ወንዶቹ ለመራባት መዘጋጀት ስላለባቸው ከሴቶቹ ሳምንታት ቀድመው ይነቃሉ። በ2023 ይፋ የሆነው የ25 ዓመት ክትትል ግን ሴቶቹ ከቀድሞው 10 ቀን ያህል ፈጥነው መንቃት እንደጀመሩ አሳይቷል። የወንዶቹ ሰዓት አልተለወጠም። ሁኔታው ከቀጠለ፣ ሚስት ስትነቃ ባል ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው።

መሬት ስትሞቅ ሁሉም እኩል አይነቃም።