ሮሌክስ፣ ኦሜጋ ወይስ ፓቴክ ፊሊፕ? የእጅ ሰዓት ምርጫ በምሥራቅ አፍሪካ ለምን የፖለቲካ ጥያቄ ሆነ?

በአውሮፓውያኑ ሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች የዓመቱን የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ተቃውመው የናይሮቢን ጎዳናዎች ሲያጥለቀልቁ፣ በስልካቸው ስክሪን ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምርመራ ያካሂዱ ነበር። የፖለቲከኞች ፎቶዎች ይጎላሉ፤ ከእጅጌ ሥር ብቅ ያለው ሰዓት የየትኛው ኩባንያ ሥራ እንደሆነ ይለያል፤ ከጎኑም ዋጋው ይጻፋል። የሚቀጥለው አስተያየት ሰጪ ደግሞ ያን ዋጋ ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ደመወዝ ያካፍለዋል።

መንግሥት በረቂቁ ሊሰበስብ ያሰበው ተጨማሪ ግብር ወደ 346 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ፣ ማለትም 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ ዳቦ ላይ ሳይቀር የተጨማሪ እሴት ታክስ እንዲጣል ታስቦ ነበር። ሰኔ 25 ተቃዋሚዎች ምክር ቤቱን ጥሰው ገቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በማግስቱ ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ ሕጉን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፕሬዝዳንቱ በኤክስ ማኅበራዊ መድረክ ከወጣቶች ጋር ባደረጉት ውይይት የባለሥልጣናት የሀብት ትዕይንት ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱ ነበር። እርሳቸውም ቅሬታውን አላጣጣሉትም።

የቅንጦት ሰዓቶችን የሚያወዳድሩ መጽሔቶች የሚጽፉት ስለ ሞተር ጥራት፣ ስለ ብረቱ ዓይነት እና ስለ ውኃ መከላከል አቅም ነው። በዚህ ቀጣና ግን ሮሌክስን ከኦሜጋ፣ ኦሜጋን ከፓቴክ ፊሊፕ የሚያስመርጠው ጥያቄ ከዚህ የራቀ ነው። ሰዓቱን አይቶ የሚያነበው ማን ነው? አንብቦስ ምን ይደመድማል?

ሰዓቱን ለማወቅ ካሲዮም ይበቃል

በቅድሚያ የቴክኒኩን ክርክር ማሳጠር ይቻላል። ሮሌክስ ሰዓቶቹ በቀን ከሁለት ሰከንድ በላይ እንደማይዛነፉ ቃል ይገባል። ኦሜጋ በስዊዘርላንድ የሥነ ልክ ተቋም የተፈተኑት ሰዓቶቹ በቀን ቢበዛ አምስት ሰከንድ ቢቀድሙ እንጂ ወደ ኋላ እንደማይቀሩ፣ 15 ሺህ ጋውስ የሚደርስ የማግኔት ጉልበትም እንደሚቋቋሙ ይገልጻል። በማግኔት ረገድ ኦሜጋ ይበልጣል፤ በልክ ጥብቅነት ሮሌክስ በጥቂቱ ይቀድማል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ልዩነቱን የሚያስተውል ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከሁለቱም ይልቅ የሚያሳፍረው ንጽጽር ሌላ ነው። በርካሽ የሚሸጠው በባትሪ የሚሠራው ካሲዮ ኤፍ 91 ደብልዩ በወር 30 ሰከንድ ገደማ ቢዛነፍ ነው። ሮሌክስ በቃሉ መሠረት በወር እስከ 60 ሰከንድ ሊዛነፍ ይችላል። ሰዓት ማወቅ ብቻ የሚፈልግ ሰው 10 ሺህ ዶላር የሚያወጣበት ምክንያት የለም።

የአበበ ቢቂላ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠውን 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ የለካው ኦሜጋ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲገባ ደግሞ የውድድሩ ሰዓት ያዥ የጃፓኑ ሴይኮ ሆነ። የስዊሶቹን የበላይነት የተፈታተነው ሴይኮ በዋጋው ከእነርሱ ጋር አልተስተካከለም፤ በልኩ ግን ማንም አልወቀሰውም።

በነገራችን ላይ፣ በጄኔቫ የተሠራ ሰዓት አዲስ አበባም ሆነ ሞምባሳ ሲደርስ በግልባጩ መነበቡ አይቀርም። አማርኛም ስዋሂሊም ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ፣ ቀጭኑ የወርቅ ዘንግ 12 ላይ ሲቆም ባለቤቱ “ስድስት ሰዓት ሆነ” ይላል።

በእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ዶላር

ታዲያ የሚገዛው ምንድን ነው? አንዱ መልስ ቁጠባ ነው። የኢትዮጵያ ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ተመነዘረ። የሱዳን ፓውንድ ከጦርነቱ ጋር ወርዷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገንዘቡን በዶላር በሚሸጥ ዕቃ መልክ ማስቀመጥ የፈለገ ነጋዴ ዓይኑን ወደ ሰዓት ቢጥል አይገርምም። ዱባይ ቅርብ ናት፤ የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች በዓመት ከአንድ ቢሊዮን ፍራንክ በላይ ዋጋ ያለው ምርት ለተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ይሸጣሉ። ከዚያ የተገዛ ሰዓት ደግሞ በእጅ ታስሮ ድንበር ይሻገራል።

በዚህ ሚዛን ሦስቱ ኩባንያዎች እኩል አይደሉም። ሮሌክስ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዓት እንደሚሠራ ይገመታል። ባለቤቱ በመሥራቹ በሃንስ ዊልስዶርፍ ስም የተቋቋመ ድርጅት ስለሆነ በየሩብ ዓመቱ ትርፍ እንዲያሳይ የሚወተውተው የአክሲዮን ገበያ የለም። ምርቱን ከፍላጎቱ በታች አድርጎ መያዝ ይችላል። በዚህ ምክንያት በ10 ሺህ ዶላር ገደማ የተገዛ የብረት ሮሌክስ፣ ካርዱና ሣጥኑ ካልጠፋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለገዛበት ተቀራራቢ ዋጋ ተሸጦ ገንዘቡን ሊመልስ ይችላል። ችግሩ በዚያ ዋጋ ለመግዛት ተራ መጠበቅ ማስፈለጉ ነው። ተራ ሳይጠብቅ ከነጋዴ የገዛ ሰው ትርፉን ለሌላ ሰጥቶ ነው የሚጀምረው።

የስዋች ግሩፕ ንብረት የሆነው ኦሜጋ በአንጻሩ ገብተው የሚገዙት ሰዓት ነው። ከሱቁ በወጣ ቅጽበት ግን ከዋጋው ጥቂት የማይባል ክፍል ይቀንሳል። ጨረቃ ላይ የደረሰ ታሪኩም ሆነ የተሻለ የማግኔት መከላከያው ይህን አያስቀረውም። ለገንዘቡ የሚያገኘውን ጥራት ብቻ የሚመዝን ገዢ ኦሜጋን ቢመርጥ አልተሳሳተም። እንዲያውም ከሦስቱ በንጹሕ ልብ ሊመከር የሚችለው እርሱ ነው።

ፓቴክ ፊሊፕ ሌላ ዓለም ነው። ከ1932 ጀምሮ በስተርን ቤተሰብ እጅ ያለው ይህ ኩባንያ በዓመት የሚሠራው 70 ሺህ ገደማ ሰዓት ነው። ናውቲለስ የተባለው የብረት ሰዓቱ በ2021 ምርቱ ሲቋረጥ የሱቅ ዋጋው ወደ 35 ሺህ ዶላር ነበር፤ በውጭ ግን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ያገለገሉ ሰዓቶች ገበያ በ2022 መጀመሪያ ጣሪያ ከነካ በኋላ ቁልቁል ሲወርድ፣ በዚያ ጣሪያ ላይ የገዙ ሰዎች የሚያዝኑበት ጊዜ መጣ። የማይቀንስ ሀብት ነው ተብሎ የተሸጠላቸው ዕቃ ቀነሰ።

ለቁጠባማ የቀንዱ አገራት እናቶች መልሱን ከያዙት ቆይተዋል። ወርቅ በሚዛን ይመዘናል፣ ዋጋው በየቀኑ ይታወቃል፣ ሐርጌሳም ሆነ ካርቱም ሻጭ ገዢ አያጣም። ሰዓት ግን ካርድ ይጠየቃል፣ ሣጥን ይጠየቃል፤ ከሁሉም በላይ “ኦርጅናል ነው ወይስ ፎርጂድ?” የሚለውን ጥያቄ ማለፍ አለበት። ይህን በእርግጠኝነት መመለስ የሚችል ባለሙያ እንደ ወርቅ ቤት በየመንደሩ አይገኝም። በመርካቶ ወይም በናይሮቢው ኢስሊ ገበያ የተደረደረው “ሮሌክስ” ዓይን ስለሚያታልል፣ እውነተኛውን የያዘ ሻጭም በጥርጣሬ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል።

ስሙን ሁሉም ያውቀዋል

ሮሌክስን ከተፎካካሪዎቹ ለይቶ ያቆየው ትልቁ ሀብት መታወቁ ነው። ሰዓቱን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ስሙን ያውቃል። በኡጋንዳ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ የሚሸጠው የመንገድ ዳር ምግብ “ሮሌክስ” ይባላል። “የተጠቀለለ እንቁላል” የሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ነው ተቀይሮ እዚያ የደረሰው። ካምፓላ ውስጥ ጠዋት ሮሌክስ ያዘዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት በወረቀት ተጠቅልሎ ነው።

ይህ ዝና ለነጋዴ ጥቅም ነበር፤ ለባለሥልጣን ግን ዕዳ ሆኗል። የኬንያ ምክር ቤት አባል በወር የሚያገኘው ጠቅላላ ክፍያ ከ700 ሺህ ሺሊንግ ይበልጣል፤ ወደ 5,600 ዶላር ገደማ ማለት ነው። “ዴይ-ዴት” የተባለው የወርቅ ሮሌክስ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ከሰባት ወር ያላነሰ ክፍያ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ። ይህን ስሌት ለመሥራት ኦዲተር መሆን አያስፈልግም።

የያኔዋ የፔሩ ፕሬዝዳንት ዲና ቦሉዋርቴ በመጋቢት 2024 የገጠማቸው ለዚህ ማሳያ ነው። ጋዜጠኞች በፎቶዎች ላይ የለዩዋቸው ሮሌክሶች በሀብት ማስታወቂያቸው ላይ አልነበሩም። ፖሊስ የቤታቸውን በር ሰብሮ ፈተሸ። እርሳቸውም ሰዓቶቹን ከአንድ የክልል አስተዳዳሪ በውሰት እንዳገኟቸው ተናገሩ። ጉዳዩ ከናይሮቢ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ቢርቅም፣ የኬንያ ወጣቶች የተጠቀሙበት ዘዴ ያው ነበር፤ ፎቶ፣ ማጉላት፣ ዋጋ።

እንዲህ ሲሆን ወደ ጸጥተኛው ብራንድ መሸሽ ብልህነት ይመስላል። በቆዳ ማሰሪያ የታሰረ ቀጭን ፓቴክ ፊሊፕ ለሩቅ ተመልካች ተራ ሰዓት ነው፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሮሌክሶች ይበልጣል። የማይጮኽ ሀብት የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ሰዓት ለይቶ የሚያውቅ አንድ ተመልካች ከተገኘ በቂ ነው። ከዚያ በኋላ መደበቁ ራሱ ክስ ይሆናል፤ ሮሌክስ ያሰረ ታበየ ሲባል፣ ፓቴክ ያሰረ ደግሞ ሸሸገ ይባላል።

ሌላው መሸሻ “ፎርጂድ ነው” ማለት ነው። አስመስሎ መሥራትን በ2008 በወጣ ሕግ በወንጀልነት በፈረጀ አገር ይህን መልስ የሚሰጥ ሕግ አውጪ ከእሳት ወደ ረመጥ ነው የሚገባው። ይሁንና መልሱ አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ከደበዘዘ ፎቶ ላይ የሰዓትን እውነተኛነት መለየት ለባለሙያም ያስቸግራል፤ በስህተት የተወነጀለ ሰው ደግሞ ማስተባበያውን የሚያነብለት አያገኝም። በዚህ ረገድ የስልክ ስክሪኑ ፍርድ ቤት ከሚገባው በላይ ይታመናል።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት

ስጦታስ ቢሆን? የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንብረት የነበረ የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ መለያ ቁጥሩ 2497፣ በኅዳር 2015 ጄኔቫ በክሪስቲስ አጫራች ሊሸጥ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ እንደተበረከተላቸው የሚነገርለት ይህ ሰዓት፣ የባለቤትነት ውዝግብ በመነሳቱ ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ቀርቦ ወደ 2.9 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ሰዓት ሰብሳቢዎች ያን ያህል የከፈሉት ለዘላለማዊው ቀን መቁጠሪያው ብቻ አልነበረም። የባለቤቱ ስም አብሮ ተገዝቷል።

ለአገር መሪ የተሰጠ ሰዓት የማን ነው? የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 76 በማያሻማ ቋንቋ መልሶታል፤ ለመንግሥት ሹም በሕዝባዊ ወይም በሥራ አጋጣሚ የተሰጠ ስጦታ ለሪፐብሊኩ የተሰጠ ነው። በ2015 የወጣው ደንብ ደግሞ ሹም ሊያስቀረው የሚችለውን ስጦታ ዋጋ በ20 ሺህ ሺሊንግ ገድቦታል። ይህ ገንዘብ፣ 155 ዶላር ገደማ፣ የፓቴክ ፊሊፕን የቆዳ ማሰሪያ እንኳ አይገዛም። በኢትዮጵያም የተሿሚዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ሀብት እንዲመዘገብ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 668 ከወጣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ሕጎቹ ስለ ብራንድ የሚሉት ነገር የለም፤ የሚጠይቁት ዕቃው ከየት እንደመጣ ነው። ከራሱ ትርፍ ለሚገዛ ነጋዴ በሮሌክስና በኦሜጋ መካከል ያለው ልዩነት የጣዕምና የሂሳብ ጉዳይ ነው። ለሹም ግን የግዢ ደረሰኙ ከሞተሩ ይበልጥ ይፈለጋል። ሰዓቱ በሀብት መግለጫው ላይ ከሰፈረ ሮሌክስም አያስጠይቅም፤ ካልሰፈረ ኦሜጋም አያድንም።

ፕሬዝዳንት ሩቶ በሐምሌ 2025 የጥቅም ግጭትን የሚመለከት አዲስ ሕግ ፈርመዋል። የሹማምንትን የሀብት መግለጫ በሚመለከት የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽኑ ከቀድሞው የሰፋ ድርሻ አግኝቷል። ቀጣዩ አጠቃላይ ምርጫ በነሐሴ 2027 ይካሄዳል። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት እጩዎች በየመድረኩ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ለሕዝብ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ እጅጌ ደግሞ እጅ ሲነሣ ወደ ታች ይንሸራተታል።