የመዘዞ ብርድና የፊት ወዝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከሰሜን ሸዋ፣ ከመዘዞ ነው። ጠያቂዬ ከፋሲካ በኋላ ሚዜ ልትሆን ነው። «ፊቴን ብርዱ አጥቁሮታል፣ ጉንጬም ተሰነጣጥቋል። ጓደኛዬ በአንድ ሳምንት ፊት የሚያበራ ነው ብላ ትንሽዬ ቱቦ ሰጠችኝ። ልቀባው ወይስ ይቅርብኝ? ገንዘቤ ብዙ አይደለም» ትላለች።

ከቱቦው ልጀምር፣ ሌላው ይደርሳል። እህቴ፣ አትቀቢው! በሳምንት ያበራሉ የሚባሉት ቱቦዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ። ክሎቤታዞል፣ ቤታሜታዞን የሚሉ ስሞች ካየሽበት መድኃኒት እንጂ መዋቢያ አይደለም። ሐኪም ለቆዳ ሕመም፣ ለተቆጠረ ቀን የሚያዘው ነው። ጤነኛ ፊት ላይ ሲቀቡት መጀመሪያ በእርግጥም ያለሰልሳል፣ ያቀላል። ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ብጉር ይፈላል፣ ጉንጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። ልተወው ስትል ፊቷ በርበሬ መስሎ ያቃጥላታል፤ እሱን ለማስታገስ መልሳ ትቀባለች። ለወራት ስትቀባ የከረመች አንባቢ ካለች በገዛ እጇ ድንገት ከምታቋርጠው ለሐኪም ታሳይ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለ፤ ለቆዳ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ስማቸው የሚነሳው ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳና አዲስ አበባ ያለው አለርት ናቸው።

አንዳንዱ ማንጫ ክሬም ሜርኩሪ አለበት፤ ኩላሊት ይጎዳል። መለያ ልንገርሽ፤ «ወርቅ፣ ብር ወይም ጌጣጌጥ አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለበት ጠርጥሪው። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ምልክት ይጠቅሳል። መግለጫ ወረቀት የሌለው፣ በብልቃጥ ተቀንሶ የሚሸጠውማ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቅ።

አሁን ወደ ብርዱ። «ብርድ አጠቆረኝ» ሲባል እሰማለሁ፤ ብርዱ ግን ስሙ በከንቱ ነው የሚነሳው። የሚያጠቁረው ፀሐዩ ነው። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የናንተ ጎረቤት ጣርማ በር ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚበርድ ፀሐይ እየመታሽ እንደሆነ አይታወቅሽም። ማድያት ያለባት ሴትማ ይብስባታል። የብርዱና የነፋሱ ሥራ ማድረቅና መሰንጠቅ ነው። መዘዞ እኮ በውጭ የጌጥ ድንጋይ ነጋዴዎች ዘንድ የምትታወቀው በኦፓሏ ነው፤ እሱም ውኃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል እያሉ ያሙታል። ድንጋዩም ሰዉም አንድ አየር ነው የሚተነፍሰው!

ስለዚህ ወዝ የምትፈልግ መጀመሪያ ውኃዋን ትያዝ። ከፋርማሲ ሁለት ነገር ይበቃሻል፤ ግሊሰሪንና ቫዝሊን። ግሊሰሪኑን ደረቅ ፊት ላይ እንዳለ አትለጥፊው፤ በእኩል መጠን ንጹሕ ውኃ በጥብጪው። ፊትሽን ለብ ባለ ውኃ ታጥበሽ፣ ሳይደርቅ እሱን ቀቢ፣ ወዲያው በላዩ ስስ ቫዝሊን ደርቢበት። ቫዝሊን ራሱ ውኃ አይሰጥም፣ ያለውን እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው። ደረቅ ፊት ላይ ቀብተው «አልሠራልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ብጉር የሚበዛባት ግን ቫዝሊኑን ከንፈሯና የተሰነጠቀው ቦታ ላይ ብቻ ታድርገው። ሸዋ ሮቢት ያለችው ዘመድሽም እንዳትከተልሽ፤ እዚያ ሙቀት ላይ ፊቷ በቅባት ይጨማለቃል።

ለፀሐዩ ቁጥሩ 30ና ከዚያ በላይ የሆነ መከላከያ ክሬም ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ካልሆነ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ፣ እሱም ከሌለ ወደ ፊት ሳብ ተደርጎ የተከናነበ ነጠላ። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት የሚባለውን ምክር እርሺው፤ ሎሚና ፀሐይ ተጋግዘው ያቃጥላሉ፣ ጠባሳውም ይጠቁራል።

ለሠርጉ ዕለት ደግሞ ፋውንዴሽን ልትገዢ ደብረ ሲና ከወረድሽ ከሱቁ አምፖል ሥር አትምረጪ፤ ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን አገጭሽ ጠርዝ ላይ ሞክሪው። የእጅ አንጓ ላይ የሚሞከረው ለእጅ እንጂ ለፊት አይሆንም። ከቆዳሽ ጋር ተዋህዶ ከጠፋ ያ ያንቺ ነው። አንድ ደረጃ የነጣውን «ፎቶ ላይ ያምራል» ብለው ቢሰጡሽ አትቀበይ፤ ፎቶ ላይ አመድ የነካው ፊት ነው የሚመስለው። እኔ በበኩሌ ዱቄት ቤት የዋለች የምትመስል ሚዜ ማየት ሰልችቶኛል። ጠቅላላ ፊትሽንም አትለብጪው፣ የጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ በጣትሽ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። ለጉንጭ ሌላ ዕቃ አትግዢ፤ ያው የከንፈር ቀለምሽን ጥቂት ከቫዝሊን ጋር በጣትሽ አዋህደሽ ጉንጭሽ አጥንት ላይ ብታሺው ይበቃል። ኩል ካማረሽ የታሸገውን እርሳስ ምረጪ፤ ከገበያ ከሚሰፈረው ድንጋይ ኩል አንዳንዱ የእርሳስ ማዕድን ያለበት ነው።

የገዛሽውን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠርጉ ጠዋት አታቆዪው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጆሮሽ ሥር ትንሽ ቀብተሽ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካሳከከሽ ወይም ከቀላ ለመተው ጊዜ አለሽ። ማታ ከጭፈራው ስትመለሺም በቫዝሊን አሽተሽ፣ በጨርቅ ጠርገሽ፣ ታጥበሽ ተኚ። ጓደኛሽንም ቱቦውን እሷ ስንት ወር እንደተቀባችው ጠይቂያትና ጻፊልኝ።