የጥብቅናው ሕግና የነጋዴው ድርሻ

ሕግ የሚታወጀው በነጋሪት ጋዜጣ ነው፤ የሚጸናው ግን በሰው ልማድ ነው። ልማድ ያልተቀበለው ሕግ በመደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ ማለፊያ ዕቃ ነው፤ ዋጋው ተጽፎበታል፤ ገዢ ግን የለውም። ይህን ለማለት ያነሣሣን በ2013 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው።

ይህ አዋጅ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 199/1992 የተካ ሲሆን፣ ለንግድ ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አምጥቷል። አንደኛው፣ ጠበቆች ተሻርከው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ መፍቀዱ ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ የሚሠራው በየግሉ ስለ ነበረ፣ ጠበቃው በታመመ ጊዜ የደንበኛውም መዝገብ አብሮ ይተኛ ነበር። ሁለተኛው፣ የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው ጠበቆች ሁሉ አባል የሚሆኑበትን የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ማቋቋሙ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ወጥቶ ከ1952ቱ የንግድ ሕግ ታላቁን ክፍል ሽሯል። እንግዲህ ነጋዴ የታመነ የሕግ አማካሪ የሚያስፈልገው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ነው።

ነገር ግን እኛስ ምን እያደረግን ነው? ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ በኦሎምፒያና በአካባቢዋ ያለው የሱቁና የቢሮው ብዛት የታወቀ ነው። የሱቅ ኪራይ ውል ወይም የማኅበር መመሥረቻ ጽሑፍ ባስፈለገ ጊዜ ግን ብዙዎቻችን የምንሮጠው ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ ሳይሆን ወደ ራፖር ጸሐፊውና ወደ ጉዳይ አስፈጻሚው ነው። ራፖር ጸሐፊ የነገሩትን አሳምሮ ቢጽፍ ማንም አይነቅፈውም፤ ሙያው ነውና። ውል አርቅቆ፣ መብትና ግዴታ ወስኖ ዋጋ ሲቀበል ግን ከሙያው ድንበር አልፏል። የ1992ቱ አዋጅ እንኳ ውልንና የማኅበር መመሥረቻን፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብንም ጽሑፍ ማዘጋጀት ከጥብቅና አገልግሎት ቈጥሮት ነበር። ሕጉ ሁለት ጊዜ ታወጀ፤ ልማዳችን ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ይህን የሚጽፈው ሰው የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ የሕግ ሰው አይደለም። ሆኖም ውል በፋይል የሚያስቀምጥ ሰው የሚያየው አለ። ከሌላ ውል የተገለበጠ የኪራይ ውል ኪራዩ የሚታደስበትን መንገድ፣ ባለሱቁ ለዕድሳት ያወጣውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱ ቢሸጥ ምን እንደሚሆን ሳይናገር ያልፋል። ክርክር ሲነሣ ያ ወረቀት ለባለሱቁ አፍ የለውም። ፈቃድ ያለው ጠበቃ ቢያጠፋ በዲሲፕሊን ይከሰሳል፤ ፈቃዱም ሊታገድ ይችላል። ያለ ፈቃድ የሠራውን ሰው ግን በምን ይዘን እንጠይቀዋለን? በእጃችን የቀረው የስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው።

«የጠበቃ ዋጋ ውድ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ለትንሽ ባለሱቅ ነገሩ እውነት ነው። ቀድሞ በደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ተደንግጎ ነበር፤ ይህ ግን ለአቅመ ደካማ የታሰበ ስለ ሆነ፣ የሚሸጥና የሚለውጥ ሰው የድኻውን ድርሻ ሊሻማ አይገባውም። ይልቁንም ዕቁብ መጣል የለመደ ነጋዴ በአንድ ሕንፃ ያሉ ዐሥር ሱቆችን አስተባብሮ አንድ ጠበቃ ወይም አንድ የጥብቅና ድርጅት በዓመት ውል መያዝ እንዴት ያቅተዋል? ዋጋው ለዐሥር ሲካፈል ሸክሙ ይቀላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ነጋዴው ሥራ ከመስጠቱ በፊት በፍትሕ ሚኒስቴር የተሰጠውን የጥብቅና ፈቃድ ይጠይቅ፤ ፈቃዱ የጸና መሆኑንም ይመልከት። ሁለተኛ፣ ከጠበቃው ጋር የሚደረገው ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ደረሰኝ ይቈረጥለት። ያለ ደረሰኝ ዕቃ የማይረከብ አስመጪ ምክርን ያለ ደረሰኝ መግዛቱ የሚያስገርም ነው። ሦስተኛ፣ ምክር ቤታችን ከጠበቆች ማኅበር ጋር ተመካክሮ፣ ነጋዴው በቀላሉ የሚረዳው የጥብቅና ውል ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል መልካም ነው።

አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ መንገደኛው እንኳ ይቆም ነበር። ዘበኛ ስለ ተከተለው አይደለም፤ ሕጉን የራሱ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነው። መንግሥት አዋጁን አውጥቷል፤ ጠበቃውም ፈቃዱን ይዟል። የቀረው የእኛ የደንበኞቹ ድርሻ ነው፤ እርሱንም የሚፈጽምልን ሌላ ሰው የለም።