ጨውና መንግሥት፦ ከጎሬ የቡና ስኒ የተነሣ ሐሳብ

ባለፈው ክረምት ጎሬ ነበርሁ። የኢሉባቦርን ክረምት ለሚያውቅ ሰው ዝናቡ ምን እንደሚመስል መናገር አያሻም፤ ከቤት አያስወጣም፣ እንግዳንም ከምድጃ ዳር አያስነሣም። እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ እንደ ልማዷ ትንሽ የጨው ዕቃ አስቀምጣለች። በእኛ አገር ቡና በጨው መጠጣት የቆየ ነው፤ ስኳር በኋላ የመጣ የከተማ ነገር ነው።

እናቴ ደም ብዛት እንዳለባት ከተነገራት ዓመት አልፏታል። ክኒን ታዘዘላት፤ «ጨው ቀንሺ» ተባለችና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ታላቅ እህቷ በዚሁ በሽታ ሰበብ በስትሮክ ግማሽ አካሏ ከሰነፈ ሁለት ዓመት ስለ ሆነው ነገሩ ለቤታችን ተረት አይደለም።

«እማዬ፣ ጨው ተከልክለሽ የለም እንዴ?» አልኋት።

«ቀንሺ አሉኝ እንጂ መቼ ተዪ አሉኝ? ስንት ቁንጥር እንደምቀንስ ግን የነገረኝ የለም። አንተ ዶክተር አይደለህ? እስቲ ንገረኛ!»

የእኔ ዶክትሬት በኢኮኖሚ ታሪክ ነው። ስለ አሞሌ ጨው ሁለት ሰዓት ማስተማር እችላለሁ፤ እናቴ ምን ያህል ጨው ትብላ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕለት ሐፍረት ውጤት ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ማንበብ ጀመርሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም በትንሿ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ አንድ ማንኪያ ያህል ነው። በወጡ፣ በዳቦው፣ በሽሮው፣ በቡናው ያለው ሁሉ ተደምሮ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ግን የኢትዮጵያዊው አማካይ የቀን ጨው ከ8 ግራም በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። «ደም ብዛት የአዲስ አበባ ሀብታም በሽታ ነው» የምንለው ወሬ እንግዲህ ከዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

አሠራሩ ለመረዳት የሚከብድ አይደለም። በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም በደም ውስጥ ውኃ ይይዛል፤ ኩላሊት ትርፉን አጣርቶ ማውጣት ሲያቅተው የደሙ መጠን ይጨምራል፣ የሥሮቹም ግድግዳ ይጨነቃል። ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ኩላሊት ሶዲየሙን እንዲያስወጣ ያግዛል፣ የደም ሥሮችንም ያላላል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ጨው በላህ የሚል ብቻ አይደለም፤ ከጨውህ ጋር ምን በላህ የሚልም ነው። ድርጅቱ ለጎልማሳ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይመክራል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የጎሬ ጓሮ ነው። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ አቮካዶ፣ ሁሉም የፖታሲየም ምንጮች ናቸው። ጥሬ ጎደሬ በ100 ግራም ወደ 600 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ይይዛል። እንግዳ ሲመጣ የምንሸሽገው ጎደሬ፣ «የድሃ ምግብ» ብለን ያፈርንበት ጎደሬ! እናቴን «ጨው ቀንሺ» ያላት ባለሙያ «ጎደሬሽንና ጎመንሽን አትተዪ» ቢላት ምን ነበረበት? የሚከለከለውን ነግሮ የሚፈቀደውን መርሳት የመሥሪያ ቤቶቻችን ሁሉ ጠባይ ነው።

ይሁን እንጂ ባለሙያውን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። ከበሩ ውጭ ሰልፍ ለቆመበት ሰው አምስት ደቂቃም ብዙ ነው። እናቴንም አልወቅስም። ቅቤው ሲወደድ፣ ሥጋው ለበዓል ብቻ ሲሆን፣ ሽሮን ሽሮ የሚያደርገው በየገበያው በርካሽ የሚገኘው ጨው ነው። ድሃን ጨው ቀንስ ማለት የቀረችውን አንዲት ጣዕም ተው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም በአንዲት እናት ቁንጥር ላይ ጭኖ እጁን የሚታጠብ መንግሥት ሥራውን አልሠራም ባይ ነኝ።

መንግሥት በጨው ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። መንግሥትና ጨው በዚህ አገር ከተለያዩ መቼ ያውቃሉ? አሞሌ ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ በየኬላው ቀረጥ ይከፈልበት ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስም ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ስለ ነበር ለምዕራቡ አገር ሰው ጨው ብርቅ ነበር። ባሮ ወንዝ ለእንፋሎት መርከብ ከተከፈተና ጋምቤላ ወደብ ከሆነች በኋላ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ አልፎ ወደ ሱዳን ሲወርድ፣ በመልሱ ከሚመጡት ሸቀጦች አንዱ ጨው ነበር። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣልያን እጅ ስትወድቅ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ለመሆን የበቃችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከተማዋን ያቆማት ይህ ንግድ ነበር። አያቶቻችን በጨው የሳሱት ብርቅ ስለ ነበረ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ብርቅነቱ ቀረ፤ ስስቱ ግን አብሮን ቆየ።

በእኛ ዘመንም ቢሆን መንግሥት ወደ ጨዋችን እጁን አስገብቶ ያውቃል፤ ያውም በጎ አድርጎ። እንቅርት በኢሉባቦር ደጋ ስንቷን እናት አንገቷን በነጠላ እንዳስሸፈናት የአካባቢው ልጅ ሁሉ ያስታውሳል። መድኃኒቱ አዮዲን ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት በፊት ብዙው ጨዋችን በአሰብ በኩል አዮዲን ተጨምሮበት ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ምንጩ ወደ አፍዴራ ዞረ፤ አዮዲኑም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204 አስገደደ። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ከመቶ 89 ደረሰ። የመጠኑ ቁጥጥር ጉድለት ቢኖርበትም እንኳ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም እናት ሳትሰበክና ሳትወቀስ የአገር ጨው ተለወጠ።

ታዲያ ያንኑ መንገድ ለደም ብዛት መሄድ የሚያቅተን ለምንድን ነው? በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ ወደ 21,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተካሄደና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ ስትሮክ መትቷቸው የሚያውቁ ወይም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ ደም ብዛት ያለባቸው ነበሩ። እኩሌቶቹ መንደሮች ከተራው ጨው ፈንታ ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጣቸው። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በእነዚህ መንደሮች ስትሮክ በ14 ከመቶ፣ ሞትም በ12 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በጥር 2025 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ጨው ለጎልማሶች የሚደግፍ መመሪያ አውጥቷል። ደቡብ አፍሪካ በበኩሏ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳቦና በሌሎች የፋብሪካ ምግቦች ላይ የጨው ጣሪያ በሕግ አስቀምጣለች። የእኛ ጨው ግን በአብዛኛው በቤት ውስጥ በእጅ የሚጨመር ስለ ሆነ የዳቦ ሕግ ብቻውን አይበቃንም፤ መለወጥ ያለበት ራሱ ጨው ነው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሦስቱንም እመልሳለሁ። አንደኛ፣ «ጨው ከቀነስን አዮዲኑም ይቀንሳል» ይባላል። መልሱ በእያንዳንዱ ኪሎ ጨው የሚጨመረውን አዮዲን ከፍ ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች አይጣሉም። ሁለተኛ፣ ፖታሲየም ኩላሊቱ ለታመመ ሰውና አንዳንድ የደም ግፊት ክኒኖችን ለሚወስድ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ የድርጅቱ መመሪያም የኩላሊት ሕሙማንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን አይጨምርም። የኩላሊት ምርመራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ነገሩን በአንድ ሌሊት በአዋጅ መጫን ድፍረት ይሆናል። ስለዚህ በጥቂት ወረዳዎች፣ በሐኪም ክትትል፣ በግልጽ በተጻፈ ጥቅል ይጀመር። ሦስተኛ፣ «ውድ ነው፣ ከውጭ ይመጣል» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ሳቅና ልቅሶ የሚመጣብኝ። አሞሌው ከሚቆረጥበት ከዚያው ከዳናክል ዝቅተኛ ሜዳ፣ ከዳሎል ሥር፣ ፖታሽ ተኝቷል። ፖታሽ ማለት የፖታሲየም ማዕድን ማለት ነው። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የውጭ ኩባንያዎች ፈቃድ እየያዙ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ አንዱ የእስራኤል ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. በግብር ክርክር ጥሎ ሄዷል። ንግግሩ ሁሉ ስለ ማዳበሪያና ስለ ውጭ ምንዛሪ ነው። ለገበታ እንዲሆን ማጣራት ወጪ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ከአንድ ሜዳ ሕመሙን ተሸክመን መድኃኒቱን እዚያው ትተን የምንመለስ ሕዝብ መሆናችን አያሳዝንም?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የስትሮክ ቃጠሎ በምን እንደሚጠፋ አክስቴ ቤት አይቻለሁ፤ በልጅ ልጆች ትምህርት፣ በተሸጠ ላም፣ አልጋ አጠገብ በሚያልቅ የሴት ልጅ ወጣትነት ነው የሚከፈለው። ይህ ወጪ በየትኛውም በጀት ስለማይጻፍ ርካሽ መስሎ ይታያል።

ጎሬን ስለቅ ለእናቴ ቃል የገባሁት መልስ ነበር፤ ሰሞኑን ደውዬ ነገርኋት። በቀን ከሁሉም ተደምሮ ከትንሿ ማንኪያ እንዳያልፍ፣ ኩላሊቷ ተመርምሮ ደህና ከሆነ ጎደሬውንና ጎመኑን እንዳትተው፣ ደህና ነኝ ብላ ክኒኑን እንዳታቋርጥ። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ቡናውስ?» አለችኝ።

«ቡናው ያለ ጨው፣ እማዬ።»

«እሺ፤ የእኔን ተውሁት። ለጎረቤቶቼስ ማን ይነግርልኛል?»

ለእርሷ ጥያቄ መልስ ሰጥቻለሁ። ለጎረቤቶቿ ግን የእኔ ስልክ አይደርስም፤ የሚደርሰው የመንግሥት እጅ ነው። ያ እጅ አንድ ጊዜ እያንዳንዱ የጨው ዕቃ ውስጥ ገብቶ ያውቃልና ደግሞ አይችልም አትበሉኝ።

ቸር እንሰንብት።