ከማጀት፦ ቅጠሉ ሲጠፋ ምን እናድርግ?



በዛሬው አምዳችን ትንሽ ቢመስልም ብዙ እህቶችን ሲያስጨንቅ የምናየውን ጉዳይ እናነሳለን። ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። የሳንቡሳው ሊጥ ተድጧል፣ ምስሩ ተቀቅሏል፣ ሾርባው ተጥዷል፣ ለኢፍጣር እንግዳ ተጠርቷል። የድምብላል ቅጠል ግን የለም። ገበያ የተላከው ልጅም ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይም ዋጋው ንሯል ብሎ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አንዷ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ታወጣለች፤ ሌላዋ ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ትጨምርና ምግቡን ታበላሻለች። ሁለቱም አያስፈልግም።

ከሁሉ በፊት «ይህ ቅጠል በምግቡ ውስጥ ሥራው ምን ነበር?» ብለን እንጠይቅ። አንዳንዱ ቅጠል የሚገባው ለሽታው ነው፤ አንዳንዱ ምግቡን ቀለል አድርጎ ለአፍ እንዲጥም ለማድረግ ነው፤ አንዳንዱም አረንጓዴ መልኩ ለዓይን እንዲያምር ብቻ ነው። ሥራው ከታወቀ ተተኪውን ማግኘት አይከብድም።

የድምብላል ቅጠልን እንውሰድ። ብዙዎች ቅጠሉ ሲጠፋ የተፈጨውን የድምብላል ፍሬ በምትኩ ይጨምራሉ። ፍሬውና ቅጠሉ ከአንድ ተክል ይገኙ እንጂ ጣዕማቸው የተለያየ ነው። ፍሬው ሞቅ ያለ የቅመም ጣዕም አለው፤ የቅጠሉን ትኩስነት ግን አይሰጥም። ስለዚህ ለሳንቡሳ የሚሻለው የቀይ ሽንኩርት ለጋ ቅጠል በደቃቁ ከትፎ፣ ጥቂት የሎሚ ልጣጭ ፍቆ መጨመር ነው። የሎሚው አረንጓዴ ልጣጭ ብቻ ይፋቅ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍል ይመራል። ለሾርባ ደግሞ ከእሳት ሲወርድ ጥቂት ሎሚ መጭመቅ ይበቃል። ፐርስሊ የተባለው ቅጠል ካለ ለመልኩ ጥሩ ነው፤ በሽታ ግን ድምብላልን አይተካም።

ደረቅ ቅጠል በእርጥቡ ፈንታ ሲገባ ልኩ ሲሶ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ እርጥብ ቅጠል በሚያስፈልግበት አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ይበቃል። እርጥቡ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ደረቁ ግን በመዳፍ ታሽቶ ቀደም ብሎ ከቁሌቱ ጋር መግባት አለበት። ሮዝመሪ፣ ጦስኝና ኮሰረት ደርቀውም ኃይላቸውን ይይዛሉ። የድምብላል ቅጠል ግን ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፤ ስለዚህ ደረቁን ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት አይጠቅምም። ለጥብስ ሮዝመሪ ከጠፋ ጦስኝ ይተካዋል።

በዓረብ አገር የምትገኙ እህቶቻችንም በዚህ ጉዳይ የምትቸገሩበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። በዚያ ገበያ የድምብላል ቅጠል «ኩዝበራ» ይባላል። አጠገቡ ተመሳስሎ የሚቀመጠው «በቅዱኒስ» ፐርስሊ ነው። ሳትገዙ በፊት አንዱን ቅጠል በጣታችሁ አሽታችሁ አሽትቱ፤ የድምብላል ሽታ አይሰወርም። ለሽሮና ለበርበሬ የለመዳችሁት በሶብላ ካልተገኘ ቅርብ ዘመዱ «ረይሓን» ነው። ሽታው ከእኛው በሶብላ ለስለስ ስለሚል ጥቂት ቅርንፉድ ቢታከልበት ይቀራረባል። ለንጥር ቅቤ ኮሰረት ሲጠፋ ኦሬጋኖ የተባለው ደረቅ ቅጠል ያገለግላል።

ጤና አዳምን በሚመለከት ግን ማሳሰቢያ አለን። ሽታው ልዩ በመሆኑ ትክክለኛ ምትክ የለውም፤ ለቡና ከጠፋ ሄል ወይም ዝንጅብል መጠቀም ይሻላል። ደግሞም ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን የማነሳሳት ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር እህቶች እንዲርቁት እንመክራለን። ለእንግዳ ቡና ስናቀርብም ቅጠሉን ሲኒ ውስጥ ከመክተት ለብቻው አቅርቦ ምርጫውን ለእንግዳዋ መተው መልካም ነው።

ጾመኛ ሆና የምታበስል እህት ሌላም ችግር አለባት፤ አዲስ የገባውን ነገር እንደ ልቧ መቅመስ አትችልም። ሲያስፈልግ በምላስ ጫፍ ቀምሶ፣ ሳይውጡ መትፋት እንደሚቻል ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል። ቢሆንም አዲስ ምትክ የሚሞከርበት ጊዜ እንግዳ የተጠራበት ዕለት ባይሆን ይመረጣል። ከኢፍጣር በኋላ በጥቂቱ ሞክሮ፣ የተስማማውን ለነገ መያዝ ይቻላል። አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ምትክ ብቻ ይግባ። ሦስት አራት ቅጠል ከተደባለቀ የትኛው እንዳበላሸ አይታወቅም፤ የጎደለውን መጨመር ይቻላል፤ የገባውን ማውጣት ግን አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ያልተቆላና ያልተፈጨ የድምብላል ፍሬ በአሮጌ ጣሳ ወይም በተቀደደ ባልዲ አፈር ውስጥ ይበቅላል። ፍሬውን በቀስታ ለሁለት ሰንጥቆ ጣት በማይሞላ ጥልቀት መዝራት፣ አፈሩንም እርጥብ ማድረግ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜም ቅጠሉ ይቀነጠሳል። በሻዕባን መግቢያ የዘራች እህት በረመዳን ከደጇ ትቀጥፋለች። የተረፈውን ቅጠል ደግሞ ግንዱን በውኃ ብርጭቆ አቁሞ ማቆየት፣ ማቀዝቀዣ ያላት ከትፋ ከጥቂት ዘይት ጋር በበረዶ መሥሪያው ማስቀመጥ ትችላለች። በዚህ መንገድ ኢስራፍም ይቀራል።

በመጨረሻም ከማዕዱ ዙሪያ ለሚቀመጡት አንድ ቃል አለን። በትኩሳት ፊት ቆማ፣ ጾሟን ይዛ ያበሰለች ሚስት ወይም ገና የምትለማመድ ልጅ «ዛሬ ደግሞ ምን ጎደለው?» ሲሏት ልቧ ይሰበራል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱትም እንደሚተዉት የታወቀ ነው። አባቶችና ወንድሞች፣ የድምብላል ቅጠል ሲጠፋ ምትክ አለው፤ ለተሰበረ ልብ ግን ምትክ ከገበያ አይገዛም። እጇን አመስግኑ፤ ነገ ከዛሬው የተሻለ ታበስላለች።

አላህ ማዕዳችሁን በበረካ ይሙላው።